ሙሉውን ንገሪያቸው

ጉዳይ ባጋጠመኝ ቁጥር ወደ መሥሪያ ቤቱ ፎቅ የምወጣው በዘበኛው ጀርባ ላይ ታዝዬ ነበር። ዊልቸሬ ደረጃው ሥር ትቀራለች፤ እኔ፣ ሃያ ሦስት ዓመት የሞላኝ፣ በራሴ ሥራ የማድር ሴት፣ እንደ ሕፃን ታዝዬ እወጣለሁ። ዘበኛው ደግ ሰው ነበሩ። ሲያነሱኝ «ቢስሚላህ»፣ ሲያወርዱኝ «አልሀምዱሊላህ» ይላሉ። ወረፋ የሚጠብቀው ሰውም «አላህ አጅርዎን ያብዛው» እያለ ይመርቃቸዋል። ማንም ግን «አንቺስ መታዘሉን ትወጂዋለሽ?» ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። እኔ የሰው አጅር፣ የጽድቅ ዋጋ መሰብሰቢያ ነበርኩ።

በልጅነቴ የያዘኝ ትኩሳት ሲለቀኝ እግሮቼን ይዞ ነው የሄደው። ያኔ አራት ዓመቴ ነበር ይላሉ። መራመዴን አላስታውሰውም፤ የማላስታውሰው ነገር ደግሞ አይናፍቀኝም። አባቴ ጋሪ ነጂ ስለነበር ትምህርቴን እስክጨርስ በጋሪው አመላለሰኝ። ከዚያ ኮምፒውተር ተማርኩና ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ክፍል ይዤ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ ጀመርኩ። ከሚሴ ውስጥ ማመልከቻ የሚያስጽፍ ሰው ከሚመጣባቸው ቤቶች አንዷ የእኔ ናት። ሰው ፊቴ ይቀመጥና ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ብሶቱን ያወርደዋል። እኔ ደግሞ «ጉዳዩ» ብዬ ጀምሬ፣ «ስለሆነም» ብዬ አዙሬ፣ በቢሮ አማርኛ አሰናዳለታለሁ። የሌላውን ሰው መብት ስጽፍ ቃል አይጠፋኝም ነበር። ለራሴ አንድም ቀን ጽፌ አላውቅም።

አንድ ቀን የንግድ ፈቃዴን ጉዳይ ይዤ ስሄድ ዘበኛው ወገባቸውን ይዘው አገኘኋቸው። አሟቸዋል። እንደዚያም ሆነው፣ ሲያዩኝ ጎንበስ አሉልኝ።

«ነይ ልጄ፣ ያዥኝ።»

ጀርባቸውን አየሁት። ኮታቸው ትከሻው ላይ ሳስቶ ነበር።

«አባ፣ ዛሬ አልወጣም» አልኳቸው።

«ታዲያ ጉዳይሽስ?»

«ጉዳዬ ይወርዳል።»

ወረቀቴን ወደ ላይ ለሚወጣ ሰው ሰጥቼ ላክሁ። መልሱ ቶሎ መጣ፦ ነገ ሰው ይዛ ትምጣ። ደረጃው ሥር፣ መተላለፊያው መሀል ላይ ፍሬኔን ያዝኩና ተቀመጥኩ። የከሚሴ ፀሐይ ከአራት ሰዓት በኋላ ቀልድ አያውቅም፤ ነጠላዬን ራሴ ላይ ጣል አድርጌ ጠበቅሁ። ሰው እየዞረኝ ወጣ፣ እየዞረኝ ወረደ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ኃላፊው ለምሳ ወረዱ፤ በእኔ በኩል ካልሆነ መውጫ የላቸውም።

«ምን ሆነሽ ነው እዚህ የተቀመጥሽው?» አሉኝ።

«እርስዎን እየጠበቅሁ ነው። የቀረኝ የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው፤ እስክሪብቶም ይዣለሁ።»

እኔን አዩኝ፣ ሰዓታቸውን አዩ፣ ወረፋው ላይ ያለውን ሰው አዩ። ከዚያ ወረቀቱን የዊልቸሬ ክንድ ላይ ዘርግተው ፈረሙበት። ምንም አልተቆጡም። ፊርማው የፈጀው አንድ ደቂቃ አይሞላም። እሱን ለማግኘት ስንት ዓመት እንደታዘልኩ ሳስብ ነው የተናደድኩት።

ከኋላዬ አንድ ሰው ከት ብሎ ሳቀ። ዞር ስል ነጭ በትር የያዘ ወጣት ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«ይቅርታ እህቴ» አለ፣ «ሁሉንም ሰምቻለሁ። እኔ ያን ፎቅ መውጣት አያቅተኝም፤ ከላይ ስደርስ ግን በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ የሚያነብልኝ አጥቼ የሰው ቢሮ ስከፍት እውላለሁ። እንዲህ ቁጭ ብሎ መጠበቅ እንደሚቻል ግን አላወቅሁም ነበር።»

በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ዜጋ መምህር ነው። ዓይነ ስውር የሆነው ከተወለደ ጀምሮ ነው። ሕጉን በቃሉ ያውቀዋል፤ የትኛው አንቀጽ ምን እንደሚል ሲናገር አንደበቱ አይደናቀፍም። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሱቄ ድረስ መጣ፤ ሲመጣም በዚያው ጎረቤቴ የሆነችውን ጓደኛዬን አገኘ።

እሷ ከእኔ ቀጥላ ባለችው ክፍል ልብስ ትሰፋለች። መስማት የተሳናት ናት። ጎረቤት በሆንን በመጀመሪያው ዓመት፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ የምልክት ቋንቋ አስተማረችኝ፤ ስሳሳት እጄን ይዛ ታስተካክለኝ ነበር፣ የተጣመመ ስፌት እንደምታቃና። ሦስታችን ስንሆን ወሬው ዙሪያ ጥምጥም ነው። እሷ በእጇ ትናገራለች፣ እኔ በአፌ እነግረዋለሁ። እሱ ሲመልስ እኔ በእጄ እነግራታለሁ። መሀላቸው ሆኜ የሁለቱንም ስድብ ያደረስኩበት ቀን አለ። እንደዚያም ሆኖ በየሳምንቱ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ መገናኘት ልማድ ሆነብን። ዓላማችን አንድ ነበር፦ ስለ እኛ በሚወራበት ቦታ ሁሉ እኛው እንገኝ። ቀስ በቀስ ሌሎች ወጣቶችም መጡ፤ ክራንች የያዙ፣ በመስሚያ መሣሪያ የሚሰሙ፣ አንዲት እጅ የሌላት ተማሪ። ክፍሏ ስትሞላ በረንዳው ላይ እንቀመጥ ጀመር። ከደብዳቤ በስተቀር መሣሪያ አልነበረንም፤ ደብዳቤ ደግሞ የእኔ ሙያ ነው።

በመኸር ሰሞን አንድ ቀን፣ ከጨፋ ሸለቆ አንዲት ገበሬ ሴት ወደ ሱቄ መጣች። የዘጠኝ ዓመት ልጇን በእጇ ይዛለች።

«አካም ጅርታ፣ ልጄ?» አለች፣ ደህና ነሽ ማለቷ ነው።

«ፈያ፣ አልሀምዱሊላህ፣ እትዬ። ግቡ፣ ተቀመጡ። ምን ልጻፍልዎ?»

«የድጋፍ ደብዳቤ። ይቺ ልጅ አትሰማም፣ አትናገርም። ደጋግ ሰዎች እንዲያዝኑላት የሚያሳይ ወረቀት ጻፊልኝ። አላህ የሰጠውን እንዲሰጥ።»

«ትምህርት ቤት ገብታ ነበር?»

«ወስጃት ነበር። ለእሷ የሚሆን መምህር የለንም፣ አትመዘገብም ብለው መለሱኝ። እውነታቸውን ነው። ዱዳ ልጅ ምን ይማራል?»

ልጅቷን በዓይኔ ፈለግሁ፤ አጠገባችን የለችም። በሩ ላይ ቆማ ወደ ጓደኛዬ ክፍል ታያለች። ጓደኛዬ መቀሷን አስቀምጣ ተንበርክካለች። ውኃ የያዘ ጆግ አሳየቻትና በእጇ «ውኃ» አለች። ልጅቷ እጇን ትኩር ብላ አየች። ጓደኛዬ ደገመች። ልጅቷ እጇን አነሳች፤ «ውኃ» አለች፣ ጣቷ ትንሽ ተጣሞ። ከዚያ ጨርቅን ጠየቀች፣ መቀስን ጠየቀች፣ የልብስ ስፌት መኪናውን እየነካች ጠየቀች፣ የእናቷን የራስ መሸፈኛ ጉፍታ ጎትታ ጠየቀች። ስም ያለው ነገር ሁሉ ስሙን እንዲሰጣት ትፈልግ ነበር፤ እጆቿ አላርፍ አሉ።

እናትየው ወንበሯ ላይ እንዳለች ቀረች። «ምን እያደረገች ነው?» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«እየተማረች ነው፣ እትዬ።»

«ኢንተላ ኮ!» አለች፣ ልጄን ማለቷ ነው።

የልመና ደብዳቤውን አልጻፍኩትም። በምትኩ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ማመልከቻ ጻፍኩ፤ ልጅቷ የመማር መብት አላት፣ መመዝገብ አለባት፣ ለመሰሎቿም ክፍል ይከፈት የሚል። መምህሩ አንቀጾቹን አስገባበት። እናትየው በአውራ ጣቷ ፈረመች። በሁለተኛው ገጽ ላይ ስለ ጉዳዩ ለመነጋገር እንደምንፈልግና ስብሰባው ፎቅ ላይ ሳይሆን ምድር ላይ እንዲሆን ጠየቅን። በዚህ ጊዜ ማንም አላንገራገረም። መቼም ያቺ ባለ ዊልቸር ደረጃው ሥር እንደምትቀመጥ ወሬው ደርሷቸዋል።

ስብሰባው በጽሕፈት ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ ዋርካው ጥላ ሥር፣ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ሆነ። ከእነሱ ወገን የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርና አራት መምህራን አሉ። ከእኛ ወገን ሦስታችን፣ እናትየውና ልጅቷ። ኃላፊው በሰላምታ ጀመሩና ነጭ በትሩን የያዘውን መምህራችንን፣ «ማን አመጣህ?» አሉት።

«እግሬ» አለ።

ወደ እኔ ዞሩና ዊልቸሬን የምትገፋውን ጓደኛዬን፣ «ምንድን ነው የምትፈልገው?» ብለው ስለ እኔ ጠየቋት። የማትሰማዋን።

«እሷ አትሰማም፣ ክቡር ኃላፊ» አልኩ። «እኔ ግን እሰማለሁ፤ የምፈልገውንም እኔው ልንገርዎ።»

ሳቅ ሆነ፣ እሳቸውም ሳቁ። ነገሩ በቀልድ ያለቀ መስሏቸው ይመስለኛል፣ ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ። አካል ጉዳተኞችን መርዳት ደስታቸው መሆኑን፣ በጀት ግን አለመኖሩን፣ የሠለጠነ መምህር አለመኖሩን፣ በሚቀጥለው ዓመት ኢንሻ አላህ እንደሚታይ ተናገሩ። ርዕሰ መምህሩም «እውነት ነው፣ ሰው የለንም» አሉ።

ይሄኔ ጓደኛዬ እጇን አነሳች። ልናገር አለች። ተነስታ ቆማ ረዥም ታሪክ በእጇ ተረከች፤ ከእኔ ጋር ስንት ዓመት ስትኖር ነግራኝ የማታውቀውን። ስትጨርስ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

እውነቱን ልናገር፦ ፈራሁ። ያለችውን እንዳለ ብናገር ሰዎቹ ይከፋቸዋል፣ ጉዳዩ ይበላሻል ብዬ አሰብኩ። ሌላ ቦታ ኩሩ ነኝ የምለው እኔ፣ «በልጅነቷ ትምህርት ቤት ከብዷት ነበር። ለዚች ልጅም እንዲታሰብላት ትጠይቃለች» ብዬ አሳጠርኩት።

ጓደኛዬ አትሰማም፤ ግን ሞኝ አይደለችም። እሷ ያን ያህል ተናግራ እኔ በሁለት ትንፋሽ መጨረሴን አይታለች። ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው፤ ብርጭቆዎቹ ዘለሉ። ወደ እኔ ዞራ፣ ቀስ ብላ፣ አንድ በአንድ፦

«ሙሉውን ንገሪያቸው።»

ዓይነ ስውሩ መምህር በጆሮዬ፣ «ምን አለች?» አለኝ።

«ዋሸሽ አለችኝ» አልኩት። ከዚያ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ይቅርታ፣ ያለችውን አላደረስኩም። እንደገና ትናገራለች፣ እኔም ቃል በቃል እናገራለሁ» አልኩ።

እንደገና ጀመረች፤ በዚህ ጊዜ እያንዳንዱን ምልክት ጠብቄ ተናገርኩላት።

«ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ትምህርት ቤት አስገቡኝ። መምህሩ ስሜን ሲጠራ አልመለስኩም። ንቄው መሰለው፤ ፊቴን መታኝ። ለምን እንደተመታሁ አላወቅሁም። በማግስቱም መታኝ። ከዚያ የመጨረሻው ወንበር ላይ አስቀመጡኝና ተዉኝ። ሁለት ዓመት የሰው ጀርባ ሳይ ኖርኩ። በኋላ ሌላ ከተማ ያለ ዘመዳችን መስማት የተሳናቸው ወደሚማሩበት ወሰደኝ። በመጀመሪያው ቀን መምህሯ ወደ እኔ ጠቆመችና ስሜን በጣቷ ጻፈችልኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ስም እንዳለኝ አላውቅም ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።» ልጅቷን ጠቆመች። «ይቺም ዘጠኝ ዓመቷ ነው። መስከረምን ጠብቁ፣ ሌላ ዓመት ጠብቁ አትበሉን። እሷ የምታባክነው አንድ ዓመት የላትም።»

ዋርካው ላይ ወፎች ይንጫጫሉ፣ ከመንገዱ የሚኒባስ ረዳቶች «ኮምቦልቻ! ደሴ!» ሲሉ ይሰማል። ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው ያዙ።

ከመምህራኑ አንዷ፣ ዳር ላይ የተቀመጠች ወጣት ሴት፣ ብድግ አለች።

«እኔ ኮሌጅ የተማርኩት ልዩ ፍላጎት ነው» አለች። «የምልክት ቋንቋም ተምሬአለሁ፤ ብዙውን ብረሳውም። እዚህ ስመደብ የስፖርት መምህር ጎድሎ ስለነበር ስፖርት አስተምሪ ተባልኩ። አራት ዓመቴ ነው። ‹ሰው የለንም› ሲባል ዝም ብዬ መቀመጤ ዛሬ አሳፈረኝ።»

ኃላፊው ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞሩ። «ያውቁ ነበር?»

«ወረቀቷ ላይ ይኖራል» አሉ ርዕሰ መምህሩ፣ ላባቸውን እየጠረጉ። «ወላሂ፣ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።»

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነበር። መጽሐፍ የሚቀመጥበት አንድ ክፍል ተለቀቀ። ጓደኛዬ በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ መጥታ ከመምህሯ ጋር እንድታስተምር ተስማማን፤ መምህሯ የረሳችውን እንድታስታውስ፣ ልጆቹም እንደነሱ የማይሰማ አዋቂ ሠርቶ ሲኖር እንዲያዩ። እናትየው ልጅቷን ከሚሴ ባለችው እህቷ ዘንድ ልታስቀምጣት ቃል ገባች። ስንወጣ ጓደኛዬ ዊልቸሬን እየገፋች ከኋላዬ ስለነበረች ልናወራ አልቻልንም። ሱቃችን ስንደርስ ፊቷን ያዝኩና ይቅርታ ጠየቅኋት።

«ፎቁ ላይ ሲያዝሉሽ አልወደድሽም» አለችኝ በእጇ። «እኔም ንግግሬን ሲሸከሙልኝ አልወድም። ተርጉሚልኝ ብቻ።»

ያ ቃል እስከ ዛሬ ይጠዘጥዘኛል፤ ደግሞም ጠቅሞኛል። ከዚያ ወዲህ ስተረጉምላት የማልወደውን ነገር ስትናገር እንኳ አላጎድልም። እኔን ስትሰድብም ጭምር።

ክፍሉ ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው ሄጄ ልየው አልኩ። የበሩ ደረጃ ላይ ግንበኛ ቀጥረው ለዊልቸርና ለክራንች የሚሆን ተዳፋት መውጫ አሠርተዋል። ሲሚንቶው ገና አዲስ ነው። ከሩቅ ሳየው ደስ አለኝ፤ ቀርቤ ሳየው እንደ ቤት ጣሪያ ቀጥ ብሏል። ለመውጣት ሞከርኩ፣ ዊልቸሬ ግማሽ ሳትደርስ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ግንበኛው ቅር አለው።

«አንቺ ጉልበት አንሶሽ ነው እንጂ መንገዱ ደህና ነው» አለ።

«እውነት ሊሆን ይችላል» አልኩት። «ጉልበቱ አንተ ጋ ነው፤ እስቲ አንተ ሞክረው።»

መምህሯ ደግፋኝ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና ዊልቸሬን ሰጠሁት። እየሳቀ ተቀመጠ፣ እንደ በሬ ገፋ፣ ሁለት ክንድ ያህል ወጣ። ከዚያ እጁ ሲዝል ጎማው ወደ ኋላ አመለጠው፤ መምህሯ ባትይዘው አሸዋው ክምር ላይ ነበር የሚያርፈው። ከዊልቸሬ ሲወርድ ፊቱ ተለዋውጧል።

«ያ አላህ! ለልጅ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቼ ነበር» አለ። አፍርሶ ርዝመቱን ሦስት እጥፍ አስረዝሞ ሠራው። አሁን በሄደበት ሁሉ እንዲህ ያለ ሥራ ሲሰጠው ሱቄ መጥቶ «ነይና ለኪልኝ» ይለኛል። እሄዳለሁ።

ክፍሉ በሰባት ልጆች ተከፈተ። አራቱ ከዚያ በፊት ትምህርት ቤት ረግጠው አያውቁም። አንዱ አባት፣ ልጁ መኖሩን ጎረቤቱም በቅጡ የማያውቅ፣ የስብሰባችንን ወሬ ጨፋ ሮቢት ገበያ ላይ ሰምቶ ነው ያመጣው። ሁሉም ነገር ተቃንቷል አልልም። መምህሯ ስትታመም የሚተካት የለም። ሁለት ልጆች በአጨዳ ወቅት ይቀራሉ፣ እኛም ቤታቸው ድረስ እንሄዳለን፤ አንዳንዴ በምርቃት፣ አንዳንዴ በጭቅጭቅ እንመልሳቸዋለን። ደብዳቤ መጻፍም አላቆምንም። አሁን የጤና ጣቢያውን ይዘናል፦ መስማት የተሳናት ነፍሰ ጡር ስትመጣ ሐኪሙ የሚያወራው ከማን ጋር ነው? መልስ እስኪሰጡን እንጠይቃለን።

ባለፈው ዒድ እናትየው ሦስታችንን ቤቷ ጠራችን። ባጃጁ የቦርከናን ድልድይ ተሻግሮ በማሽላው መሀል እየዘለለ እስከ ደጃፉ ወሰደን። አባትየውን ያን ቀን ነው ያወቅሁት፤ ረዥም፣ ዝምተኛ ገበሬ ነው። ዓመት ሙሉ ልጁን በከተማ ማስቀመጡን ደግፎም ተቃውሞም አያውቅም፤ «አላህ ያውቃል» ብቻ ነው ያለው ብላ እናትየው ነግራናለች።

ምግቡ ቀረበ። ልጅቷ ከአባቷ ፊት ቁጭ ብላለች። አባትየው ቢስሚላህ አለና ቀኝ እጁን ወደ አፉ አቀረበ፤ ጣቶቹን ሰብስቦ፣ ሁለት ጊዜ። «ብዪ» ማለቱ ነው። ለልጁ የተናገረው የመጀመሪያው ቃሉ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ እኔ ሲናገር ያየሁት ግን የመጀመሪያው እሱ ነው።

መምህሩ ክንዴን ጎነጠኝ። «ምን ሆነ? ለምን ዝም አላችሁ?»

«አባቷ አናገራት» አልኩት።

ልጅቷ ግን አልበላችም። የአባቷን ወፍራም፣ በእርፍ የሻከረ እጅ ያዘችና አውራ ጣቱን ከሌሎቹ ጋር አስጠጋችለት፤ እንዲህ ነው የሚባለው፣ አለችው። ደገመው። ራሷን ነቀነቀች፣ ገና ነው። ሦስተኛ ጊዜ አደረገው። አሁን አወቀው ብላ አጨበጨበችለትና ወደ ምግቡ ዞረች።